ሞንትሰራት፦ ነፋሱን ስትጠብቅ እሳቱ የመጣባት ደሴት

ፕሊመዝ ዛሬም የሞንትሰራት ዋና ከተማ ናት። በወረቀት ነው እንጂ በመሬት አይደለም። ነዋሪዋ ዜሮ ነው። መንገዱ ከብዙ ሜትር አመድና ጭቃ በታች ተቀብሯል። የጦርነት መታሰቢያ የነበረው የሰዓት ማማ አናቱ ብቻ ብቅ ብሎ የታየበት ጊዜ ነበር። ፎቅ ቤት የነበረው መስኮቱ ከመሬት እኩል ሆኗል። አንድ ከተማ እንዲህ ሆና ዋና ከተማነቷ አለመሻሩ ይገርመኛል፤ ምናልባት ሰው በቁሙ ለከተማው ተስካር ማውጣት ከብዶት ይሆናል።

ስለ ተፈጥሮ አደጋ ዝግጅት ሲነሳ ቶሎ የሚታሰበን ሳይረን፣ ድንኳን፣ የታሸገ ውሃ ነው። እኔ ይቺን ደሴት ያነሳሁት ሌላ ነገር ስላየሁባት ነው። ላም ያለው ሰው "ከዚህ ውጣ" ሲባል ላሙን የት ያድርሳት? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ከሞንትሰራት በላይ በግልጽ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም። እዚያ ለመድረስ ግን ከነፋሱ መጀመር አለብኝ። (ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደሴቷ

ሞንትሰራት ምሥራቅ ካሪቢያን ላይ ያለች፣ በእንግሊዝ ሥር የምትተዳደር ትንሽ ደሴት ናት። ስፋቷ 102 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ሞንትሰራት ይገባል ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ከአደጋው በፊት 11,000 ገደማ ሕዝብ ነበራት፤ የአንድ ቀበሌ ሰው ማለት ነው።

ኑሮው ሁሉ ያጋደለው ወደ ደቡብ ነበር። ከተማው ደቡብ፣ ወደቡ ደቡብ፣ ሆስፒታሉ ደቡብ፣ ባንኩም ፍርድ ቤቱም ደቡብ። ደህናው የእርሻ መሬትም እንደዚያው በደቡብና በምሥራቅ በኩል ነበር። ሰሜኑ ደረቅ፣ አፈሩ ስስ፣ ሰው ብዙም የማይፈልገው ጥግ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ለም መሬት ለምን ደቡብ ሆነ? ተራራው ስላለ ነዋ። ሱፍሪየር ሂልስ የሚባለው ተራራ እሳተ ገሞራ ነው። አፈሩን ያለማው፣ ደመናውን ጠርቶ ዝናብ የሚያወርደው፣ ምንጩን የሚያፈልቀው እሱ ነው። ሱፍሪየር የሚለው ስም ራሱ በፈረንሳይኛ ድኝ ያለበት ቦታ ማለት ነው። ድኝ የሚሸትና እንፋሎት የሚተነፍስ ጉድጓድም ነበረው። ቱሪስት እየሄደ ይጎበኘው ነበር። አውሮፓውያን በ1632 ከሰፈሩ ወዲህ ግን ፈንድቶ አያውቅም። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዝም ያለን ተራራ ማን ይፈራዋል?

የሚፈራው ነፋስ ነበር።

ሁጎ

በመስከረም 17 ቀን 1989 ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቷን መታት። ከአምስቱ የአውሎ ነፋስ ምድቦች ምድብ 4 ነበር። አሥር ያህል ሰው ሞተ። ከአሥር ቤት ዘጠኙ ተጎዳ፤ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት በረረ፣ መብራት ጠፋ፣ የፕሊመዝ ወደብ ድልድይ ተሰባብሮ ባሕር ገባ። በዓለም የታወቁ ሙዚቀኞች እየመጡ የሚቀርጹበት የጆርጅ ማርቲን ኤር ስቱዲዮም በዚያው ተዘጋ፣ ተመልሶም አልተከፈተ።

ከዚያ በኋላ የሆነው፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ደሴቷ ከሁጎ ተምራለች። ጣሪያ በብረት ማሰሪያ ከግድግዳ ጋር መታሰር ጀመረ። የመስኮት መከለያ መጣ። የትኛው ቤተ ክርስቲያንና የትኛው ትምህርት ቤት መጠለያ እንደሚሆን ተለየ። በእርዳታ ገንዘብ ወደቡ እንደገና ተሠራ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሕንፃ ተሠራ፣ አዲስ ሆስፒታል ተሠራ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለአውሎ ነፋስ ዝግጁ የሆነች ትንሽ ደሴት አሳየን ብትባሉ ሞንትሰራትን መጥቀስ ትችሉ ነበር።

ያ ሁሉ አዲስ ሕንፃ የተሠራው ግን የት ነው? ፕሊመዝ ውስጥ። ከእሳተ ገሞራው አናት አራት አምስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ።

መሳቢያ ውስጥ የነበረው ወረቀት

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚያበሳጨው። በ1987፣ ማለትም ሁጎ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ዋጅና አይዛክስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተራራው ቢነሳ ምን እንደሚያደርግ በካርታ ሠርተው አሳይተው ነበር። የጋለው አመድና ድንጋይ የትኛውን ሸለቆ ተከትሎ እንደሚወርድና የት እንደሚደርስ በኮምፒውተር አስልተዋል። ፕሊመዝ አደጋ ላይ ያለች ከተማ እንደሆነች ጥናቱ በግልጽ ይናገራል።

እና ከሁጎ በኋላ ሆስፒታሉ የት ይሠራ ሲባል ያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ጨርሶ ያላዩት ባለሥልጣናት ነበሩ። ነፋሱ ጣሪያ ገንጥሏል፤ ሰው ሜዳ ላይ ነው፤ የእርዳታ ገንዘብ መጥቷል፣ ቶሎ ሥሩ ይባላል፤ መሬቱ ያለው፣ መንገዱ ያለው፣ ሰዉ ያለው ፕሊመዝ ነው። በዚህ መሀል ተነስቶ "ቆይ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዝም ያለው ተራራ..." የሚል ሰው ቢኖር እንኳ ማን ይሰማው ነበር? እኔም እዚያ ብሆን ሆስፒታሉን ቶሎ ሥሩልኝ ባይ ነበርኩ።

ሆኖም ተራራው ጨርሶ ዝም አላለም ነበር። በ1897 እና በ98 ደሴቷ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትናጥ ከረመች። ከ1933 እስከ 37 እንደገና። በ1966 እና በ67 ሌላ ዙር። ጣት ቆጥሮ ማየት ነው፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት እየቆየ ይመለሳል። ቀጣዩ ዙር መቼ ሊሆን ነው? 1990ዎቹ። በ1992 መሬቱ እንደገና መነቃነቅ ጀመረ። በእያንዳንዱ ዙር ቅልጥ አለቱ ከታች እየገፋ መጥቶ ከመንገድ ቀርቷል። ሰው ያስታወሰው ግን መቅረቱን ነው። "ያኔም ተንቀጥቅጦ ዝም ብሏል" ማለት ይቀላል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው እንዳልል፣ እዚህ ውሻው ጅቡ ሳይመጣ ነው የጮኸው። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ግን ፊቱን ወደ ሌላው በር አዙሮ ነበር።

ሐምሌ 18 ቀን 1995

በዚያ ቀን ተራራው እንፋሎትና አመድ መትፋት ጀመረ። ትሪኒዳድ ካለው የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት ክፍል ባለሙያዎች መጡ፣ ከአሜሪካም የእሳተ ገሞራ ቡድን መጣ። ዛሬ የሞንትሰራት እሳተ ገሞራ መከታተያ ጣቢያ የሚባለው ያኔ ነው እየተሰፋ፣ እየተጠገነ፣ በጥድፊያ የተቋቋመው። ለእሳተ ገሞራ የተዘጋጀ ዕቅድ የሚባል ነገር በተግባር አልነበረም። የነበረው የአውሎ ነፋስ ዕቅድ ነው።

የአውሎ ነፋስ ዕቅድ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። ነፋስ ይመጣል፣ አንድ ሌሊት ያምሳል፣ ይሄዳል። መጠለያ የምትገባው ለሁለት ሦስት ቀን ነው፤ አንድ ፍራሽ፣ ትንሽ ብስኩት፣ ባትሪና ሬዲዮ ይበቃል። እሳተ ገሞራ ግን መቼ እንደሚያበቃ አይናገርም። ለሦስት ቀን የታሰበው መጠለያ ውስጥ ሰው ሦስት ዓመት ተቀመጠ።

በነሐሴ 21 ጠዋት የአመድ ደመና ተራራውን ወርዶ ፕሊመዝን ዋጣት። ሰኞ ነበር፤ እስከ ዛሬ የአመዱ ሰኞ ይሉታል። በጠራራ ፀሐይ ከተማው ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። እጅህን ዘርግተህ እጅህ አይታይህም። ለሩብ ሰዓት ያህል እንዲያ ቆየና ቀስ እያለ ነጋ። ሲነጋ ሁሉም ነገር ግራጫ ነበር፤ መኪናው፣ ዛፉ፣ የሰው ቅንድብ ሳይቀር። በዚያው ሰሞን የደቡቡ ሰው ሁሉ ወደ ሰሜን ውጣ ተባለ፣ ብዙ ሺህ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ።

በመስከረም መጀመሪያ ደግሞ ሉዊስ የተባለ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ በአቅራቢያው መጣ። እስኪ አስቡት። ተራራውን ሸሽተህ ሰሜን ድንኳን ውስጥ ነህ። ነፋስ ሲመጣ ድንኳን አይሆንም፣ ጠንካራ ቤት ያስፈልግሃል። ጠንካራው ቤት ያለው ደቡብ ነው፣ ተራራው ሥር። ከሁለት አደጋ አንዱን ምረጥ ማለት ነው። ብዙ የአደጋ ዕቅዶች አንድ አደጋ በአንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ አድርገው ነው የሚጻፉት።

ሰው ተመለሰ። በታኅሣሥ እንደገና ውጡ ተባለ። በጥር ተመለሰ። በሚያዝያ 3 ቀን 1996 ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ፤ ይኼኛው የመጨረሻው ሆነ። ያን ጊዜ ግን የመጨረሻ መሆኑን ማን አወቀ? ለሁለት ሳምንት ነው ብሎ ልብሱን ትቶ፣ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ የከተተ ስንቱ ነው።

ሆስፒታሉም ወጣ። በእርዳታ ገንዘብ የተሠራው አዲሱ ሕንፃ ወግ ባለው መንገድ ሳያገለግል ተተወ፤ በሽተኞቹ ሰሜን ሴንት ጆንስ ወደሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተወሰዱ። መማሪያ ክፍሉ የሕሙማን ክፍል ሆነ።

መጠለያው

ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ድንኳን ውስጥ፣ በጣውላ በተለበጠ አዳራሽ ውስጥ ኖረ። በአንሶላ የተከለለ "ቤት"። የጎረቤት ልጅ ሲስል አንተ ትነቃለህ። መጸዳጃው ውጭ ተቆፍሮ የተሠራ ጉድጓድ ነው። አመዱ ይበንናል፤ በጣም የደቀቀ፣ ሳንባ የሚጎዳ ሲሊካ ያለበት አመድ ነው፤ መጥረጊያ ባነሳህ ቁጥር ክፍሉን ይሞላዋል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ቡኮ ይከብዳል፣ ለነፋስ ተብሎ የታሰረውን ጣሪያ ከላይ ሆኖ ይጫነዋል። ብረት ማሰሪያው ጣሪያው ወደ ላይ እንዳይሄድ ነበር። ወደ ታች እንዳይመጣ የታሰበ ነገር አልነበረም።

በዚህ ላይ ገበሬው ሥራ የለውም። ሰሜን ላይ መሬት የለውም። ያለው መሬት፣ የዘራው ካሮትና ጎመን፣ ያሰራት ላም፣ በረት የነበረው በጉ ሁሉ ተራራው ሥር ቀርቷል። ቫውቸር ይሰጠዋል፣ እሱም በቂ አይደለም። መጠለያ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ከሩዝና ከታሸገ ምግብ ሌላ ትኩስ አትክልት ይፈልጋል፣ ገበያው አለ። ገበሬው ምን ያድርግ? በሌሊት፣ በማለዳ ተነስቶ ይሄዳል። ካሮቱን ነቅሎ፣ ከብቱን ውሃ አጠጥቶ፣ ቶሎ ይመለሳል። ዛሬ ሄዶ ምንም አልሆነም። ነገም ይሄዳል።

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ብሎ ለመተረት የሚቸኩል ይኖራል። እኔ አልተርትም። በሬው ገደሉን አይቶታል። ከጀርባው የጋጠው ባዶ ሜዳ ስለሆነ ነው ወደ ሳሩ የሄደው።

ሰኔ 25 ቀን 1997

ስለ ተራራው ባሕርይ አንድ ነገር ልበል። ከሱፍሪየር ሂልስ የሚወጣው ቅልጥ አለት እንደ ሃዋይ ቀጥኖ አይፈስም። ወፍራም ነው። ገንፎ ሳህን ላይ ሲቆለል አይታችሁ የለ? እንደዚያ አናቱ ላይ ይቆለላል። ቁልሉ ያድጋል፣ ያድጋል፣ ጎኑ መሸከም ሲያቅተው ይናዳል። ሲናድ ውስጡ የታመቀው ጋዝ ይፈነዳና አለቱ ይደቅቃል፤ በመቶዎች ዲግሪ የጋለ የአመድ፣ የጋዝና የድንጋይ ጎርፍ ሆኖ ሸለቆ ለሸለቆ ይወርዳል። ፓይሮክላስቲክ ፍሰት ይሉታል። ሮጠህ አታመልጠውም። ድምፁ ከሚጠበቀው በታች ነው ይባላል፤ አንዳንዱ ዞር ብሎ ሲያይ ነው የደረሰበት።

በዚያ ሰሞን ተራራው በየጥቂት ሰዓቱ የሚያብጥና የሚተነፍስ ሆኖ ነበር። መሣሪያው ሲያብጥ ያሳያል፣ የትናንሽ መንቀጥቀጥ ጋጋታ ይመጣል፣ ይተነፍሳል፣ ይረጋል። ባለሙያዎቹ አደጋው እየከረረ መሆኑን አውቀውታል። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያሉት መንደሮች፣ ስትሪትሃም፣ ሃሪስ፣ ፋርም፣ ትራንትስ፣ መግባት የተከለከለባቸው ወይም የተገደበባቸው ነበሩ። ሆኖም ሰው ነበረባቸው። ከፊሉ እርሻ ላይ፣ ከፊሉ ቤቴን ለቅቄ አልሄድም ብሎ እዚያው የቀረ። የደሴቷ ብቸኛ አየር ማረፊያም ትራንትስ አጠገብ ነበር፣ እስከዚያ ቀን ድረስም ይሠራ ነበር። ይህን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ገበሬው እንዳይገባ በተከለከለበት ሸለቆ ግርጌ አውሮፕላን ያርፋል። ካሮት የሚነቅል ሰው ይህን እያየ "እኔን ብቻ ነው እንዴ የሚበላው?" ቢል አይፈረድበትም።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ቁልሉ ተናደ። ጎርፉ በደቂቃዎች ውስጥ መንደሮቹን ጠርጎ ባሕር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። አየር ማረፊያው ውስጥ የነበሩት ሸሽተው ተረፉ። 19 ሰው ሞተ። ከተረፉት መካከል በጋለ አመድ ላይ እየተራመዱ የወጡ ነበሩ፣ እግራቸው ተቃጥሎ። ሄሊኮፕተር ነው ያነሳቸው።

በጠቅላላው የሞንትሰራት እሳተ ገሞራ በቀጥታ የገደለው እነዚህን 19 ሰዎች ነው። በ1999 መጀመሪያ የአሟሟታቸውን ምክንያት የመረመረው ችሎት ጁሪ ለተወሰኑት ሞት የመንግሥት ጉድለት አስተዋጽኦ እንዳለው ተናገረ። ከተነሱት አንዱ ሰሜን ላይ ለገበሬው የእርሻ መሬት በጊዜው አለመገኘቱ ነው። ላሟ የት ትድረስ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ።

ማን ነው ኃላፊው?

ይህን ክፍል ላሳጥረው፣ የቢሮ ጭቅጭቅ ስለሆነ። ከለንደን የተሾመ ገዢ አለ፣ ጸጥታና የሕዝብ ደኅንነት የእሱ ነው። በሕዝብ የተመረጠ ዋና ሚኒስትር አለ፣ መሬት፣ ቤት፣ ግብርና የእሱ ነው። ገንዘቡ ለንደን ነው፣ እዚያም ከአንድ በላይ መሥሪያ ቤት እጁን አስገብቷል። ስለዚህ "ውጡ" የሚለው ትእዛዝ ከአንድ ቢሮ፣ "የት እንሂድ" የሚለው መልስ ከሌላ ቢሮ ይጠበቃል። ለንደን ደግሞ ቋሚ ቤት ለመሥራት ታመነታለች፤ ተራራው ዝም ቢል ሰው ይመለስ ይሆናል፣ ባሰበት ደግሞ ደሴቷ በሙሉ ልትለቀቅ ትችላለች፣ ምን አስቸኮለኝ ነው ነገሩ። ያ ማመንታት ከውጭ ሲታይ ጥንቃቄ ይመስላል። ዋጋውን የከፈለው አንሶላ ጀርባ የተቀመጠው ሰው ነው።

በነሐሴ 1997 ፕሊመዝ ተቃጠለች። ባዶ ስለነበረች ሰው አልሞተም። በዚያው ወር ደሴቷ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፣ ዋና ሚኒስትሩ በርትራንድ ኦስበርን ሥልጣን ለቀቁ፣ ዴቪድ ብራንት ተተኩ። የእንግሊዟ የልማት ትብብር ሚኒስትር ክሌር ሾርት ሞንትሰራቶች ቀጥሎ የወርቅ ዝሆን ሊጠይቁ ነው የሚል ነገር ተናገሩ። ንግግራቸው በደሴቷ እስከ ዛሬ አልተረሳም። እንዴት ይረሳል።

በመስከረም የአየር ማረፊያው ሕንፃ ወደመ። ሕዝቡ ሄደ። ወደ አንቲጓ፣ ወደ እንግሊዝ፣ የዘመድ ቤት ወዳለበት። 11,000 የነበረው በ1998 3,000 ገደማ ቀረ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የኢንሹራንስ ድርጅቶች በ1997 ሽፋናቸውን አነሱ። ቤት ሠርቶ የባንክ ዕዳ ያለበት ሰው ግን ዕዳው አልተነሳለትም። ቤቱ አመድ ሥር ነው፣ ለማየት እንኳ መግባት አይፈቀድለትም፣ የወሩ ክፍያ ግን ይጠበቅበታል። ለሁጎ ጊዜ ኢንሹራንስ የሠራላቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ ለተራራው ጊዜ አለ ብለው የተማመኑበት። ሳይረን ስንት ያወጣል ብሎ የሚያሰላ ዕቅድ ብዙ አይቻለሁ። የተቀበረ ቤት ዕዳ ማን ይከፍላል የሚል ገጽ ያለው ግን አላጋጠመኝም።

የሠራውስ?

ሁሉ ነገር ከሸፈ ብዬ እንዳላሳስታችሁ። በታኅሣሥ 26 ቀን 1997፣ ፈረንጆቹ ገናቸውን ባከበሩ ማግስት፣ የተራራው ደቡብ ምዕራብ ጎን ተንዶ ሴንት ፓትሪክስንና በዙሪያው ያሉትን መንደሮች ከምድረ ገጽ ጠረገ። ማንም አልሞተም። ቀደም ብለው ወጥተው ነበር። በሐምሌ 2003 ከዚያ በእጅጉ የሚበልጥ ቁልል ተናደ፤ ደሴቷ አመድ ለበሰች፣ ሰው ግን ቦታው ላይ አልነበረም። በየካቲት 2010ም እንዲሁ። ከሰኔ 1997 በኋላ መግባት የተከለከለበት ክልል ተከበረ። የ19 ሰው ሞት ነው ያስከበረው ብሎ መናገር ያስጨንቃል። እውነቱ ግን ያ ነው።

ሬዲዮውንም መርሳት አይገባም። ዜድጄቢ የሚባለው የደሴቷ ጣቢያ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳይንቲስቶቹን እያቀረበ ያናግራቸው ነበር። ነገሩን በዚያው በሚያውቁት ድምፅ፣ በየዕለቱ መስማት ሌላ ነው። ስለ ተራራው ዕብጠትና ትንፋሽ ገበሬው ከባለሙያው እኩል የሚያወራባት ደሴት ሆና ነበር።

አሁን ያለው አሠራር ቀለል ያለ ነው። ደቡቡ በዞን ተከፍሏል፣ በፊደል የተሰየመ፤ የአደጋው ደረጃ ከአንድ እስከ አምስት ነው። ደረጃው ሲጨምር የትኛው ዞን እንደሚዘጋ፣ የትኛው በቀን ብቻ እንደሚገባበት አስቀድሞ ተጽፏል። ሰው "ይመስለኛል" እያለ የሚወስነው ነገር ቀንሷል። ሳይረኖቹ በየቀኑ ልክ እኩለ ቀን ላይ ይሞከራሉ። በየቀኑ! በዓመት አንዴ በዓል አስመስሎ ከመሞከር ይህ ይሻላል፤ የተበላሸው በማግሥቱ ይታወቃል፣ ሰውም ድምፁን ለምዶታል። በእኩለ ቀን ከሆነ ሙከራ ነው፣ በሌላ ሰዓት ከጮኸ ሬዲዮህን ክፈት።

ሰሜኑም ተገንብቷል። ሉክአውት የሚባል ሰፈር ለተፈናቃዮች ተሠራ። የመንግሥት ቢሮዎቹ ብሬድስ የሚባል የሰሜን መንደር ናቸው። በ2005 ጌራልድስ ላይ አዲስ አየር ማረፊያ ተከፈተ፣ ማኮብኮቢያው 600 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ትንንሽ አውሮፕላን ነው የሚያስተናግደው። ወደብ ሊትል ቤይ ነው፤ ባሕሩ ሲቆጣ መርከብ መጠጋት ይቸገራል። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ደሴት ላይ ዝግጅት ማለት ከምንም በፊት መውጫና መግቢያ ነው። ከተራራው የሸሹበት ሰሜን ለአውሎ ነፋስ እንደማንኛውም የካሪቢያን ጥግ ክፍት ነው፤ ከሰኔ እስከ ኅዳር ያለው ወቅት በየዓመቱ ይመጣል። አሁን ያሉት ከ4,000 ትንሽ የሚበልጡ ሰዎች ሁለቱንም እየጠበቁ ነው የሚኖሩት።

ከብቶቹስ? ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። ባለቤት የሌላቸው ከብቶች በተዘጋው ክልል ውስጥ ተራብተው ዱር ገቡ፤ እየወጡም የሰው አትክልት ይበላሉ። ሴንት ጆንስ ያለው ትምህርት ቤትም ልጆች አልተመለሱበትም። በ1990ዎቹ በሽተኞች ለጊዜው ተብሎ የገቡበት ሕንፃ የደሴቷ ሆስፒታል ሆኖ ቀረ፣ ፕሊመዝ የቀረውን የሆስፒታል ስም ይዞ።